«ቀለሙን እንዳትነካ!»

ባለሙያን የሚያስመርረው የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣው ባለቤት ነው። ቆሞ የሚያይ ባለቤት ፈተና ነው፤ ቆሞ እያየ የሚያስተምር ደግሞ መቅሰፍት። ካዛንቺስ ውስጥ ጠመንጃ የሚጠግነው ኢሳ እንዲህ ያለውን ሰው «ክቡር ተቆጣጣሪ» ይለዋል። የክቡር ተቆጣጣሪዎች ሁሉ አውራ አቶ ቸሩ ናቸው።

አቶ ቸሩ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአባታቸውን ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ከች አሉ። የጠመንጃውን ፈቃድ ላሚኔት አስደርገውታል። ሁለቱን አፈሙዞች ከላይ የምታያይዘው ቀጭን ብረት ላልታለች። ኢሳ አፈሙዙን አንጠልጥሎ በእንጨት መታ ሲያደርገው፣ እንደ ደወል መጮህ ሲገባው እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ተንኳኳ።

«ብረቷን ያጣበቀው እርሳስ ለቋል ጋሼ። ጠርጌ፣ አሙቄ፣ መልሼ አያይዘዋለሁ።»

«ቀለሙን እንዳትነካ!»

«አልነካም።»

«ጎተራ ያለ አንድ በያጅ ‹አምስት ደቂቃ ነው› ቢለኝ ሮጬ ነው ያመለጥኩት። ይሄ ጥቁር ቀለም አንዴ ከሄደ፣ በቃ፣ አባቴ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው።»

ሦስት ቀን ሙሉ አልተለዩትም። አሮጌውን እርሳስ ሲፍቅ «ቀስ!»፣ ሲያስነጥስ «ወደዚያ ዙር!»። አዲሱ እርሳስ ቀለሙ ላይ እንዳይጣበቅ ኢሳ የመገጣጠሚያውን ዳር ዳር ጥላሸት ሲቀባማ፣ «የአባቴን ጠመንጃ ጥላሸት ቀባው!» ብለው መንገደኛ ሰበሰቡ።

በዚያው ቀን የአቶ ቸሩ ባለቤት ወይዘሮ ብርነሽ ለኢሳ ደወሉ። ኢሳ ሊያማርር አፉን ሲከፍት ቀደሙት። «ልጄ፣ በሞቴ ቶሎ እንዳትጨርስ! ወጥ ሳማስል የሚቆጣጠረኝ ሰው ከጠፋ ሦስት ቀኑ፤ እንዴት እንዳረፍኩ!»

ዓርብ ኢሳ ብረቷን በሽቦ ጠፍሮ አሰረና እሳቱን ለኮሰ። «ጋሼ፣ ዓይንዎን ከቀለሙ እንዳይነቅሉ። ግን ቃል እንዳይተነፍሱ።» የራሱን ዓይን እርሳሱ ላይ ተከለ። እርሳሱ ቀልጦ መሮጥ ሲጀምር በደስታ ተመሰጠ፤ እሳቱንም አንድ ቦታ ላይ አቆየው።

«ኢሳ!» አሉ አቶ ቸሩ፣ በሹክሹክታ። «ዘይቱ እየጨሰ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ጥላሸት ባልነካው በኩል ቀለሙ ላይ ያለው ዘይት መጨስ ጀምሯል፤ ትንሽ ቢቆይ ቀለሙ ይከተል ነበር። ኢሳ እሳቱን ቶሎ አሸሸ። ሲቀዘቅዝ ጥላሸቱን ጠርጎ አፈሙዙን መታው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ቀለሙም እንደ ነበረ ነው። አቶ ቸሩ ጠመንጃቸውን ታቅፈው፣ አንዲት ምክር እንኳ ሳይሰጡ ሄዱ።

ሰኞ ሌላ ጠመንጃ መጣ። ባለቤቱ አስቀምጦት እብስ አለ። ኢሳ ሥራውን ጀመረ፣ ተወው፣ ዘወር ብሎ በሩን አየ። ጸጥታው አላሠራው አለ። በመጨረሻ ስልኩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ነገ አንድ የሚሞቅ ሥራ አለኝ። ማለቴ… ቢመጡስ?»

«ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?»

«ሁለት ሰዓት።»

በማግስቱ ኢሳ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ሲደርስ አቶ ቸሩ የተዘጋው በር ላይ ቆመዋል።

«አረፈድክ» አሉት። «ቁልፉንም ቀስ ብለህ አዙረው፤ ይሰበራል።»