መደርደሪያ ላይ ያልቀረው ምርምር

ለአገር የሚጠቅም ሰው በከሚሴ በኩል እንዲሁ እንደ ዘበት እንዲያልፍ የማይፈቅድ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ምስጋና ይገባዋል። ዶክተር ቃሲምን ያስቆመውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው።

ቃሲም የጨፋ ልጅ ነው። የዕድሜውን ግማሽ የፈጀው በሕዋሳት ላይ እንደ ፀጉር የበቀሉ ጥቃቅን የስኳር ሰንሰለቶችን ሲያጠና ነው። የሰውነታችን ዘበኞች ወዳጅን ከጠላት የሚለዩት እነዚህን ዳስሰው ነው ይላል። ለዚህ ሲል ባሕር ተሻገረ፣ የራሱ ፀጉር ሸሸ፣ ሚስቱ ዘሊካም «የማይታየውን ስታይ የምታየኝን እኔን ረሳኸኝ» እያለች ስታኮርፍ ኖረች።

አሁን የቀረው የግመል እንገር ብቻ ነበር። ግመል እንደ ወለደች በሚታለበው በዚያ ወፍራም ወተት ውስጥ ግልገሉን ከበሽታ የሚጠብቅ ልዩ የስኳር ሰንሰለት አለ ብሎ ጽፏል። የምርምሩን ወጪ የሚሸፍኑት ሰዎች ግን «ጽሑፉን አየነው፤ እንገሩስ?» አሉት። ዘንድሮ ካላቀረበ ቤተ ሙከራው ሊዘጋ ነው።

እንገር ደግሞ አይሸጥም። ከአፋር ቆላ ወደ ባቲ ገበያ የሚመጡ አንድ ግመል አርቢ ሽማግሌ በየዓመቱ ባዶ እጁን ሲመልሱት ኖረዋል። «የግልገሉን ድርሻ ለጠርሙስ አልሰጥም» ይሉት ነበር። ዘንድሮ ግን ራሩለት።

«ውሰድ። ግን ለከንቱ እንዳታደርገው፤ ደግማ የምትወልደው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

ቃሲም እንገሩን በበረዶ ሳጥን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሲከንፍ፣ ከሚሴ መግቢያ ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ጠበቁት። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኦቦ አብዱልጀባር የመኪናውን በር ራሳቸው ከፈቱ።

«አካም ጅርታ፣ ዶክተር!»

«ጋሪዳ፣ አልሐምዱሊላህ። ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እቸኩላለሁ። በረዶው ይቀልጥብኛል።»

«ይቅለጣ! የገዛ ልጃችን ሳንመርቀው ሊያልፍ? አምስት ደቂቃ ናት።»

አምስቷ ደቂቃ ለመክፈቻ ንግግር፣ ለማብራሪያ፣ ለተጨማሪ ማብራሪያና ለማጠቃለያ ተደለደለች። ቃሲም ሳጥኑን ለመስተንግዶ ኃላፊዋ ለኡምኩልሱም ሰጠ።

«እህቴ፣ አደራ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪልኝ። የባቲ ወተት ነው።»

«ወላሂ እንደ ዐይኔ ነው የምጠብቀው! ደግሞ ምን አስቸገረዎት?»

ኦቦ አብዱልጀባር ከመድረኩ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን! ስኳር በሕዋስ ላይ በቅሏል። መብቀሉን እንደ ጥንካሬ ወስደነዋል። ነገር ግን ምርምር እስከ መቼ መደርደሪያ ላይ ይቀራል? ወደ ታች መውረድ አለበት! ኅብረተሰቡ ዘንድ መድረስ አለበት! ዛሬውኑ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የግድግዳው ሰዓት የቆመ ስለነበር ጊዜ መሄዱን ያወቀ ቃሲም ብቻ ነው። በመጨረሻ ኡምኩልሱም ትሪ ይዛ ገባች። ቃሲም ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ የቀረበለትን ኩባያ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።

«ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ወተት ከየት አገኛችሁ?»

«ከርስዎው ነዋ!» አለች ፊቷ በርቶ። «እንግዳ ያመጣውን ወተት ለቤቱ ሰው ሳያቀምሱ መሸኘት ነውር አይደል? ለሁሉም እንዲዳረስ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረግሁበት እንጂ።»

ቃሲም ኩባያውን ደፍቶ አየው። ጠርዙ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች።

«ጠርሙስ! በአላህ፣ ጠርሙስ ስጡኝ!»

«አያችሁ?» አሉ ኦቦ አብዱልጀባር። «ወዶታል። ጨምሩለት!»

የሚጨመር ግን አልተረፈም። ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ምርምሩ መደርደሪያ ላይ ሳይቀር በዕለቱ ለተሰብሳቢው በሙሉ ተዳርሷል፤ ተጠቃሚዎችም በጥራቱ ረክተዋል። የታየው ጉድለት ተመራማሪው አለመድገሙ ነው።»

ቃሲም ለሽማግሌው ደውሎ እያፈረ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ስንት ሰው ጠጣው?»

«አዳራሽ ሙሉ።»

«እንግዲያ ለከንቱ አልሆነም። ከሁለት ዓመት በኋላ ና።»

ወጪ ሸፋኞቹስ? በግልባጭ የደረሳቸውን ማኅተም ያረፈበት ሪፖርት አነበቡ። ቃሲም በላከላቸው ጽሑፍ ሁሉ አንድም ቀን ያላገኙትን «ተጠቃሚዎች» የሚል ቃል ሲያዩ ልባቸው ተነካ፤ ቤተ ሙከራውንም ሁለት ዓመት አራዘሙለት።

መሥሪያ ቤቱ ከአሁኑ አቀባበል ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ኩባያም በዛ ተደርጎ ተገዝቷል። ቃሲም ደግሞ ከባቲ በሚሌ በኩል አዙሮ፣ ከሚሴን ሳይነካ፣ አዲስ አበባ የሚያስገባ መንገድ እንዳለ ሾፌሮችን እየጠየቀ ነው።