የቆራጩን ቃል የሚጨርሱት እትዬ

ሌላ ሰው የጀመረውን ወሬ እሳቸው ካልጨረሱት እህል የማይወርድላቸው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ክፋት የለባቸውም፤ የጎደላቸው ትዕግሥት ብቻ ነው።

በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር አንጋፋዋ ሰፊ፣ ክብርት እትዬ ጨራሽ ናቸው። ደንበኛ «ሱሪውን ትንሽ…» ሲል «ይጥበብ፣ ገብቶኛል» ይላሉ። ሰውየው እንዲረዝምለት ነበር የፈለገው፤ ከእትዬ ጋር ከመከራከር መጥበብ ይሻላል ብሎ ለብሶት ሄደ። ባለቤታቸው ለትዳር ሲጠይቋቸው እንኳ ጥያቄውን ከግማሹ ጀምሮ የጠየቁት እትዬ ናቸው ይባላል።

የማይቀደመው ጨርቅ ቆራጩ ብቻ ነበር። ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። ኋላ ግን የሚጥል በሽታ ያዘውና መድኃኒት ጀመረ። መውደቁ ቆመ፤ ቃሉ ግን እንደ ድሮው ቶሎ አልመጣለት አለ። አሥር ዓመት የያዘውን መሣሪያ ስም ሲፈልግ ይቆያል። ደንበኞች ጠጥቶ የመጣ እየመሰላቸው ያፈገፍጋሉ። አሠሪው ይህን አይተው፣ ከደንበኛ ፊት አንሥተው ወደ ካውያው ሊልኩት አሰቡ።

እትዬ አዘኑለት። እሳቸው ደግሞ ሲያዝኑ ይብሳሉ። «ያ…» ሲል «መቀሱ»፣ «ነገ…» ሲል «ሐኪም ቤት ነህ፣ ሂድ» ይሉታል። እሱ እናቱን ሊጠይቅ ነበር። ቤቱ ሁሉ ደግነታቸውን አመሰገነ፤ ቆራጩም እያደር አፉን ዘጋ።

አንድ ሰሞን ምላሱ ድንገት ተመለሰ። እትዬ «ተመስገን፣ ዳነ» እያሉ ሲደሰቱ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቆራጩ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ወደቀ። እትዬ መቀሱን አርቀው፣ ጨርቅ አጣጥፈው ከራሱ ሥር አደረጉ፤ መንፈራገጡ ሲያበቃም በጎኑ አስተኙት።

ሲነቃ ክኒኑን ማንንም ሳያማክር መተዉን ነገራቸው። እትዬ ደነገጡ። «ስላደነዘዘህ…» ብለው ሊጨርሱለት ሲሉ በእጁ አስቆማቸው። ከዚያ አንድ አንድ ቃል እየለቀመ፦

«ክኒኑ ቃሌን ያዘገየዋል እንጂ አይወስደውም፣ እትዬ። የሚወስዱት እርስዎ ነዎት።»

ቤቱ ክው አለ። ለካ ክኒኑን የተወው እትዬ ሳይቀድሙት ለመናገር ኖሯል። ረዳሁት ያሉት ሰው በእሳቸው እርዳታ ሊሞት ነበር።

ሐኪሙ መድኃኒቱን መልሶ አስጀምሮ መጠኑን አስተካከለለት። ቃሉ ትንሽ ቀረብ አለ እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም። ሥራ በገባ በሳምንቱ አንዲት ደንበኛ ጨርቅ ይዛ መጣች። አሠሪው ሊፈትኑት ከጎኑ ቆሙ።

«ይሄ ጨርቅ…» አለና ቆመ።

ሁሉም ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ስፒል በስፒል ላይ እየደረደሩ በከንፈራቸው ያዙ፤ አፋቸውን ቢከፍቱ መሬት ላይ ሊዘራ ነው። ደንበኛዋ ሰዓቷን አየች፤ አሠሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ አንድ ስፒል ጨመሩ።

«…ሲታጠብ ይሰበሰባል» አለ ቆራጩ። «መጀመሪያ ይነከር፣ ከዚያ ልቁረጠው።»

ደንበኛዋ ይህን የነገራት ሰው እንደሌለ ተናግራ ጨርቁን ለእሱ ትታ ሄደች። አሠሪው የካውያውን ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

እትዬ ስፒሉን ከአፋቸው ለቅመው ተነፈሱ። «እኔ እኮ ‹ያምርብሻል› ልል ነበር» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ግን ቆራጩ እስኪስቅ ጠብቀው ነው የሳቁት።