የመናፈሻው በር ባለሙሉ ሥልጣን

እያንዳንዱ ከተማ በር ላይ ያስቀመጠው አንድ ሰው አለ፤ መልአኩ ገብርኤል ቢመጣ እንኳ ክንፉን ሳያይ «ትኬት!» የሚል። የእኛ የሶዶው ክቡር አቶ ዳልጮ ናቸው፣ የመናፈሻው በር ባለሙሉ ሥልጣን።

ነስረዲን ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ አሥር ዓመት ተጎራብቷቸዋል። የመናፈሻውን ሽንት ቤት ሊጠቀም ሲገባ ግን የመግቢያዋን አንድ ብር ይከፍላታል። «ጎረቤት ነኝ እኮ!» ቢል መልሱ «ጎረቤትም ጎብኚ ነው» ነው። አንድ ካድሬ ከግምገማ ወጥቶ ትንሽ ሊናፈስ ቢመጣ፣ «ገምጋሚም ጎብኚ ነው» ተባለ። ሰውዬው ተናዶ «ኪራይ ሰብሳቢ!» ብሎ ሰደባቸው። አቶ ዳልጮ የሥራ መደባቸው መጠሪያ መስሏቸው አመሰገኑት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከላይ የመጡ ሰዎች «መናፈሻው ራሱን ካልቻለ ቦታው በሊዝ ይሰጣል» ብለው ሄደዋል። እውነት ለመናገር በዚያች አንድ አንድ ብር ቧንቧው ውኃ ሰጠ፣ ወንበሮቹ እግር አወጡ፣ አጥሩም ታጠረ። እኔ መምህር ነኝ፤ መርህ አለኝ። ስለዚህ ከጀርባ በኩል በቀረችው ቀዳዳ እየሾለክሁ ነበር የምገባው። ገብቼም ሣሩ አልታጨደም ብዬ አማርራለሁ።

የልጃቸው የየማርያምወርቅ ሰርግ ዕለት ፎቶ ልንነሳ ሄድን። ሙሽሮቹ፣ ሚዜው፣ ቪዲዮ አንሺው፣ አጃቢው ሁሉ። ተረኛው ዘበኛ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። አቶ ዳልጮ በአዲስ ሱፋቸው ከመኪና ወርደው መልሰው ዘጉት።

«ሙሽራም ጎብኚ ነው!»

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ?» አለች ልጅቱ፣ እንባዋ ደርሶ።

«ዛሬ አንቺ በነጻ ከገባሽ ነገ ከተማው ሁሉ ‹እኔስ የማን ልጅ ነኝ?› ይላል። ያኔ ቦታው ይሄዳል። ልጅሽን የት ታጫውቺያለሽ?»

ይህን ብለው ከገዛ ኪሳቸው ለሁላችንም ከፈሉ። ትኬቱን እየቆረጡ አደሉን፤ አንድ ለራሳቸው አስቀሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ አለፉኝ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ እኔስ?»

«የአንተን ጧት ቆርጬልሃለሁ» አሉና ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «በአጥሩ የምትገባ ቀን ሁሉ የአንተን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ መምህር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግሥቱ ሽቦና ምስማር ገዝቼ ቀዳዳዋን በውጭ በኩል ደፈንኋት። ከዚያ ወደ በሩ ዞርኩ። ሰውዬውን እንደ አባቴ እወዳቸው ኖሯል፤ ይህንኑ ልነግራቸው «ጋሽ ዳልጮ፣ አጥሩን ጠገንኩት!» ብዬ ልገባ ስል በክንዳቸው ከለከሉኝ።

«ጠጋኝም ጎብኚ ነው።»

ከፈልኩ። እንደዚያች ብር ደስ ብሎኝ የከፈልኩት የለም።