የክቡር መርሐ ግብር የሒሳብ ሰዓት

ኮሌጅ ገብቶ እሳቸውን የማያውቅ ሰው የለም። አራት አልጋ ባለው ክፍል ሁሉ ሦስት ተማሪና አንድ እሳቸው ይመደባሉ። ዕድሜያቸው ከእኛ እኩል ነው፤ አነጋገራቸው ግን ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። ዶርም በገባን ቀን እኛ ፍራሽ ስንመርጥ እሳቸው ግድግዳ መረጡ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በሦስት ቀለም የተጻፈ የሳምንት ፕሮግራም ለጠፉና "ወንድሞቼ፣ ዓመቱ የሚበላሸው በመጀመሪያው ወር ነው" ብለው ንግግር አደረጉ። በዚያው ቀን ክቡር መርሐ ግብር ብለን ሰየምናቸው።

ክቡርነታቸው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይነሳሉ። መነሳታቸው ባልከፋ፣ እኛንም ያስነሳሉ። ብርድ ልብሳችንን ከእግር በኩል ገፈው፣ በሥርዓት አጣጥፈው፣ ሎከራቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። ከዚያ ወደ ሻወር። ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል ብንላቸው መልሳቸው አንዲት ቃል ናት፤ "ይለመዳል።" የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ይለመዳል። የተማሩትን በዕለቱ መከለስ፣ ይለመዳል። ያልገባንን ለመጠየቅ አስተማሪው ቢሮ ድረስ መሄድ፣ እሱም ይለመዳል። ማንኛውም ልማድ በሃያ አንድ ቀን ይያዛል የሚል ነገር የት እንዳነበቡ እንጃ፣ ቀኑን በደብተራቸው ጀርባ በጭረት ይቆጥሩልን ነበር።

ክፍል ውስጥማ መከራ ነበሩ። አስተማሪው ቾኩን አስቀምጦ፣ ሃምሳ ተማሪ ቦርሳውን አንግቶ፣ በሩ ሊከፈት ሲል እጃቸውን ያወጣሉ። "አንዲት ጥያቄ ብቻ።" ጥያቄዋ ሃያ ደቂቃ ትፈጃለች። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው፣ ትራስ የምንለው ልጅ፣ በሰባተኛው ቀን ክፍል ቀይሩኝ ብሎ ለዶርም ኃላፊው አመለከተ። ኃላፊው መጥቶ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና፣ ለልጆቹ የሚሆን አንድ ቅጂ ለምኖ ሄደ።

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው።

የሚድ ፈተና ስድስት ቀን ሲቀረው አጎቴ ደወለና አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል አለኝ። አባቴ መካኒክ ነበር። ቤታችን ስደርስ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች አይቼ ሳይነገረኝ ገባኝ። ጋራዥ ውስጥ፣ መፍቻ በእጁ እንደያዘ ልቡ ቆሞ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ መርሐ ግብር ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ተቀበለኝና "እንግዲህ ይለ..." ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ፊቱ ቀላ፣ ሻንጣዬን ይዞ ከፊቴ ቀድሞ ሄደ።

እኔም ገብቼ ተኛሁ። ትምህርት ላቁም ብዬ አልወሰንኩም፤ መነሳት ነው ያቃተኝ። ሦስት ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስተኛ መርሐ ግብር ብርድ ልብሴን አልነካውም። በአራተኛው ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ክፍል አትሂድ" አለኝ። "ፊትህን ብቻ ታጠብ።"

ታጥቤ ተመልሼ ተኛሁ። በማግሥቱ ጫማህን ብቻ አድርግ አለኝ። ቀጥሎ ደረጃውን ወርደን ግቢውን አንድ ዙር ዞርን። ሳምንት ሳይሞላ ክፍል ወሰደኝና፣ ያ የፊት ወንበር አርበኛ፣ ከእኔ ጋር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። የቀረሁበትን ሁሉ በእኔ ደብተሮች ላይ በራሱ እጅ ገልብጦ አቆይቶልኝ ነበር። አስተማሪዎቹን ቢሮ ለቢሮ ዞሮ የማካካሻ ፈተና አስፈቅዶልኛል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በየቀኑ ያስጠናኛል። አንድ ቀን የላይብረሪው ደረጃ ላይ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ። እሱ ተነስቶ ፊት ለፊቴ ቆመ፣ ትልቅ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚያነብ መሰለ፤ አላፊ አግዳሚው እንዳያየኝ።

የዓመቱ ውጤት ሬጅስትራር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ለጥቂት አለፍኩ። ትራስ እንኳን አለፈ። መርሐ ግብር ከተሰናበቱት ዝርዝር ውስጥ ነበር።

ሒሳብ ድሮም ይከብደው ነበር፤ ለዚህ ነበር ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ሰዓት ለሒሳብ ብቻ የያዘው። ያን ሰዓት ስንት ወር ሙሉ እንደወሰድኩበት የገባኝ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ነው። ሮጬ ዶርም ስደርስ አንሶላውን እያጣጠፈ ነበር፣ አራቱን ጫፍ እኩል አድርጎ።

"በእኔ ምክንያት ነው" አልኩት።

"በሒሳብ ምክንያት ነው" አለኝ።

አንሶላውን ሻንጣ ውስጥ ከተተና ቁጭ አለ። ወለሉን እያየ "እናቴን ምን እላታለሁ?" አለ። ለሁሉ ነገር መልስ የነበረው ሰው እኔን ጠየቀኝ። ሻንጣውን እስከ አውቶቡስ ተሸከምኩለት።

አሁን ከከተማው ሌላኛው ጫፍ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል። ሱቁ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ እየመጣ ባለቤቱን አስመርሯል፤ ሰውየው አንድ ቀን ጎተት አድርጎኝ ጓደኛህ እቤቱ ችግር አለበት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እንደገና ልመዝገብ ብሎ ለኮሌጁ ያስገባው ማመልከቻ አንዴ ተመልሶበታል። ሁለተኛውን አስገብቷል። ይቀበሉታል ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ አላውቅም።

እስከዚያው ግን ሁልጊዜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁለት አውቶቡስ ይዤ እሄድና፣ ከሱቁ ጀርባ ቧንቧ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ሒሳብ እንሠራለን። አስተማሪው እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ ካረፈድኩ ደጅ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይጠብቀኛል። ያንን ፊት ለማየት ስል የመንገዱ ማዕዘን ጋ ቆሜ ሆን ብዬ የማረፍድበት ቅዳሜ አለ።