ቀስቱ እዚህ፣ ልቡ እዚያ

አፉ እናንተን እያናገረ ልቡ ሌላ ዘንድ ያለ ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እንዴት አያጋጥማችሁ፤ አዲስ አበባ አይደል የምትኖሩት። ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ «አዎ፣ አዎ» እያለ ራሱን የሚነቀንቅላችሁ ሰው ልቡ ያለው ከሚመጣው ታክሲ ጋር ነው። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። በማውዝ የምታንቀሳቅሷት ቀስት አንዱ ሳጥን ላይ ቆማ ታያላችሁ፤ ብልጭ ድርግም የምትለው ቀጭን መስመር ግን ሌላው ውስጥ ናት። የምትጽፉት የሚገባውም ቀስቷ ካለችበት ሳይሆን መስመሯ ካለችበት ነው።

ይህን የምነግራችሁ አዋቂ ለመምሰል አይደለም። አዋቂ ልምሰል ብዬ ነው የተዋረድኩት።

መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሲስተም ሲያስገባ ሠራተኛውን እንዳሠለጥን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከፊት የተቀመጡት የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ አንድ ፎቅ በታች ይኖራሉ፤ ከሥራ ስንወጣ ከሜክሲኮ በእግር አብረን ነው የምንመለሰው። ጡረታቸው ደርሷል። ወንበራቸውን ደግሞ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ እመኘዋለሁ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ቀስቱን ማስጠጋት ብቻ አይበቃም፤ ሳጥኑን ይጫኑት እንጂ» አልኳቸው፣ ሌላው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ አገባቡን ላሳይ ብዬ፣ የምጽፈው ግድግዳው ላይ በትልቁ እየታየ፣ ስሜን ጻፍኩ። ቀስቷን ወደ ይለፍ ቃሉ ሳጥን ወሰድኳት፤ ሳልጫን፣ ዓይኔን ከተመልካቾቼ ሳልነቅል፣ ጣቶቼን ለቀቅኳቸው። የይለፍ ቃላችሁ ረጅም ይሁን፣ የማትረሱት ይሁን ተብለን ስለነበር እኔም ጠዋት ጠዋት በሐሳቤ የሚመላለሰውን ዓረፍተ ነገር ነበር የመረጥኩት። በሳጥኑ ቢገባ ነጠብጣብ ሆኖ ይደበቅ ነበር። አሁን ግን ከስሜ ቀጥሎ ግድግዳውን ሞላው፦ «ጋሽ ደምሴ መቼ ነው የሚወጡት»። በፈረንጅ ፊደል ቢሆንም ያላነበበው አልነበረም። በአንቱታ መጻፌ ብቻ ነው መጽናኛዬ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጣት ሲያመልጥ ግን በፕሮጀክተር ይታያል። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ማጥፊያውን እንኳ ማግኘት አቃተኝ። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር።

በሥራ መውጫ ሰዓት ላመልጣቸው ብዬ ሆን ብዬ ዘገየሁ። በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። እንደ ወትሮው እስከ ልደታ አብረን ሄድን፤ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ በየመታጠፊያው ለሚቀጥለው አስተላለፍኩት።

ደረጃው ሥር ስንደርስ ቆም አሉ። «ሐምሌ ላይ ነው የምወጣው» አሉኝ። «ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ...»

«ደህና እደር በል።»

የይለፍ ቃሉን በማግሥቱ ለወጥኩት። ሐምሌ ሲገባ ወንበሩ ለእኔ ይሁን ለሌላ አላውቅም፤ ከሜክሲኮ ብቻዬን እንደምመለስ ግን አውቃለሁ።