ውሻ የተባለው ክፍል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሆስፒታሉ ከጨለማ ወጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሕመምተኛ ከማከም በቀር አንዳች ስልታዊ አቅጣጫ አልነበረውም።

ብርሃኑን ያመጡት አዲሱ የዕቅድ ኃላፊ ናቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እሳቸው ነገሩን ከሳጥኑ ያዙት። ሰሌዳ ላይ አራት ሳጥን ሠሩ። ቶሎ የሚያድግና የከተማውን ሕመምተኛ ሁሉ የሚሰበስብ ክፍል “ኮከብ”፤ ባያድግም ገቢው የማይነጥፍ “የምትታለብ ላም”፤ ገና ያልለየለት “ጥያቄ ምልክት”፤ እያነሰ የሚሄደው “ውሻ” ተባለ። ውሻ ይዘጋል። ሠራተኛው አጨበጨበ፤ ማን የት እንደወደቀ ገና አልተነገረውማ!

ቁስል ማጠቢያ ክፍሉን ሃያ ስድስት ዓመት የያዙት ነርስ፣ ሕመምተኛው “እትዬ ፋሻ” የሚላቸው፣ ከኋላ ተቀምጠው ጥጥ ይጠቀልሉ ነበር። ክፍላቸው አራተኛው ሳጥን ውስጥ ሲጻፍ እጃቸው ቆመ።

“የኔ ልጅ፣ ውሻዋ እኔ ነኝ?”

“ኧረ ሲስተር! ክፍሉን ነው እንጂ እርስዎን አላልኩም።”

“ክፍሉስ ምን አጠፋ?”

“ደንበኞችዎ አይመለሱም። አሥር ቀን ይመጡና ድምፃቸው ይጠፋል።”

“ድነው ነዋ!”

“ችግሩ እሱ ነው።”

“ታዲያ ግማሽ ግማሹን ልጠብላቸው?”

ኃላፊው ይህን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት፤ አሰመሩበትም።

“የእናንተ የዕቅድ ክፍልስ ምንድን ነው?” አሉ እትዬ ፋሻ።

ስሌቱ እዚያው ተሠራ። አምና አንድ ሠራተኛ፣ ዘንድሮ ሰባት፤ በከተማው ተወዳዳሪ የለውም። ኮከብ! ኮከብ ደግሞ ቦታ ይሻልና የእትዬ ፋሻ ክፍል ተሰጠው።

ሰኞ ዕለት ሕመምተኞች እንደ ልማዳቸው በሩን ከፍተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ የዕቅድ ስብሰባው መሐል ቁጭ አሉ። እትዬ ፋሻ አንድ በአንድ አወጧቸውና ኮሪደሩ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ማጠብ ጀመሩ።

“የሚያድነው ቤቱ መሰለህ? ና እግርህን ዘርጋ። ይሄን የሚያህል ጺም ይዘህ ታለቅሳለህ? አታፍርም?”

ዓመቱ ሲያልቅ ሪፖርቱ ጉድ አመጣ። “የኮሪደር አገልግሎት” የሚባል፣ አምና ያልነበረ፣ ከዜሮ ተነሥቶ ሦስት ሺህ ሰው ያስተናገደ ክፍል ተገኘ። እንዲህ ያለ ዕድገት ሰሌዳው አይቶ አያውቅም።

“ይሄ ኮከብ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይ ነው!” አሉ ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሥተው።

ፀሐይን የሚያህል ክፍል በአንዲት ነርስ አይመራም ተብሎ የዕቅድ ኃላፊው ተሾሙበት። ቁስል ሲያዩ ራሳቸውን ስለሚያዞራቸው ቢሮአቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነ።

እትዬ ፋሻ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ኮሪደሩ ላይ አራት ዓመት ቁስል አጥበው በምክትልነት ጡረታ ወጡ።