ሽማግሌ የመለሰው ግድግዳ

ሰው ጥፋተኛ ሲፈልግ ዓይኑን የሚልከው ራቅ አድርጎ ነው። እኔማ በዚህ የተካንኩ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ቡታጅራ ያለው መሥሪያ ቤታችን ከሥራው ግምገማው ይበዛ ነበርና፣ የሌላውን ድክመት ስዘረዝር ውዬ ተራው የእኔ ግለ ሂስ ሲሆን "ሰዓት አልቋል" እል ነበር። ለዚህ ትጋቴም "ምስጉን ሠራተኛ" የሚል የምስክር ወረቀት ተሸልሜአለሁ። አትሳቁ።

ልጄን ምሕረትን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም። "አረፍ በሉ" ብንላቸው "ግድ የለም፣ ቆመን እንናገራለን" አሉ። ንግግሩ ሲረዝም በዕድሜ የገፉት አባት ደከማቸውና የሳሎኑን ግድግዳ ደገፍ አሉ። "ኢየሱስ!" ብለው ዘለሉ። ክረምቱ ያራሰው የጭቃ ግድግዳ ነዝሯቸው ነበር። "እሑድ እንመለሳለን" ብለው ወጡ፤ አወጣጣቸው ግን የሚመለስ ሰው አወጣጥ አልነበረም።

ምሕረት አለቀሰች። "አባዬ፣ እሑድም ከነዘራቸው አለቀልኝ!"

ወዲያው ቤተሰቡን ሰብስቤ ግምገማ ከፈትኩ። ባለቤቴን በካውያዋ፣ ተከራያችንን በኤሌክትሪክ ምድጃው፣ ግንበኛውን በሌለበት ገመገምኩ። ማግስቱን ነስሩ የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሽቦ ልባስ የሚፈትሽበትን ባለ ቀስት መሣሪያ ይዞ መጣ። ዋናውን ማብሪያ አጠፋ፣ አምፖሉን ሁሉ ፈታ፣ ሶኬት ላይ ያለውን ሁሉ አስነቀለ። ካውያውም ምድጃውም ተነቅለው ቀስቱ ዜሮ ላይ ተኛ፤ ይህ ማለት የሚያፈሰው ዕቃው ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ባለቤቴ አየችኝ። ነስሩ መስመሩን እየለያየ ሲለካ ሲለካ ሳሎን ደረሰ።

"ወላሂ ጋሼ፣ ልባሱ የተበሳው እዚህ ጋ ነው። ይቺን ፍሬም ማን ሰቀላት?"

የምስክር ወረቀቴ ነበረች። ሚስማሯን ሽቦው ላይ የመታሁት እኔው፣ በገዛ መዶሻዬ።

"ግለ ሂስ!" አለች ባለቤቴ። ምሕረት እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም አልቻልኩም።

ነስሩ ሚስማሯን ነቅሎ ሽቦውን ቀየረው። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡና ከግድግዳው ርቀው መሀል ሳሎን ቆሙ። እኚያ አባት "እስቲ መጀመሪያ አንተ ተደገፍና እንይህ" አሉኝ። ጀርባዬን ለጠፍኩ። ጥቂት አይተውኝ መጡና አጠገቤ ተደገፉ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ! እንደ ወጉ አንድ ጊዜ ልመልሳቸው አስቤ ነበር፤ አንድ ግድግዳ አብሮ ተደግፎ እምቢ ማለት ግን አልሆነልኝም።

ከሠርጉ በኋላ የምሕረት ባል የሠርጋቸውን ፎቶ ሳሎናችን ሊሰቅልልን መዶሻና ሚስማር ይዞ መጣ። ቤቱ በሙሉ "ቁም!" አለ፤ ከሁሉም የጮኸው የእኔ ድምፅ ነበር። አሁን በየሄደበት "ሰውየው ልጁን ሰጥቶኝ ሚስማር ከለከለኝ" እያለ ያማኛል አሉ።